ካናዳ ሆናችሁ የመኪና ዕቃ ከአሜሪካ ስታዝዙ የሚጨመሩት ክፍያዎች፦ ከማዘዝ እስከ መረከብ

ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ወይም ኦታዋ ያለ ጋራዥ የነገራችሁ ዋጋ ከበዳችሁ እንበል። ኢንተርኔት ላይ ያው የፍሬን ሸራና ዲስክ አሜሪካ ካለ ሻጭ በግማሽ ዋጋ ይታያል። ካርድ አውጥታችሁ ትከፍላላችሁ። ከሳምንት በኋላ የመላኪያ ድርጅቱ ሾፌር በር ያንኳኳና ተጨማሪ ብዙ ዶላር ይጠይቃል። ዕቃው ተከፍሏል፣ መላኪያውም ተከፍሏል። ታዲያ ይሄ የምን ነው?

አብዛኛው ሰው «የመንግሥት ቀረጥ ነው» ብሎ ይከፍልና ነገሩን ይተወዋል። እኔ ደረሰኙን መስመር በመስመር እዩት እላለሁ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ቁጥር ዕቃውን በጉምሩክ ያሳለፈው ድርጅት ለራሱ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ነው። አገር ቤት የትራንዚተር ክፍያ የምንለው ዓይነት ነው፤ እዚህ ብሮከሬጅ ይሉታል። ይህ ክፍያ ገና ስታዝዙ፣ በመረጣችሁት የመላኪያ መንገድ ይወሰናል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ነው።

1. ሂሳቡ ከምን እንደተሠራ እወቁ

በር ላይ የሚመጣው ሂሳብ ሦስት ነገር የተደባለቀበት ነው።

የመጀመሪያው ቀረጥ ነው። የሚያስከፍለው የካናዳ ድንበር አገልግሎት ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ሲቢኤስኤ ነው። መጠኑ የሚወሰነው ዕቃው ከየት እንደተላከ ሳይሆን የት እንደተሠራ ታይቶ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ኦሃዮ ካለ መጋዘን የተላከ አሞርዛተር ቻይና ወይም ታይዋን የተሠራ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ መደበኛው ቀረጥ ይመለከተዋል። ለብዙ የመኪና መለዋወጫዎች ይህ ቀረጥ 6 በመቶ ነው፤ ጭራሽ ቀረጥ የሌለባቸውም አሉ። አሜሪካ፣ ሜክሲኮ ወይም ካናዳ የተሠራና የሦስቱን አገሮች የንግድ ስምምነት መስፈርት የሚያሟላ ዕቃ ግን ከቀረጥ ነፃ ነው። ይህ ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2020 ነው። ለግል መጠቀሚያ የሚገባ ዕቃ ከሆነ፣ ላዩ ላይ አሜሪካ እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ መኖሩ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ሁለተኛው የሽያጭ ታክስ ነው። የሚሰላው በዕቃው ዋጋና በቀረጡ ድምር ላይ ነው፤ እንደምትኖሩበት ክፍለ ሀገርም ይለያያል። ኦንታሪዮ 13 በመቶ ነው። አልበርታ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ካልጋሪና ኤድመንተን ያላችሁ በዚህ ዕድለኛ ናችሁ። ኖቫ ስኮሺያ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ 14 ወርዷል። ማኒቶባና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በፌዴራሉ 5 ላይ የራሳቸውን 7 ይጨምራሉ። ይህን ታክስ እዚያው ሰፈራችሁ ብትገዙም ትከፍሉት ነበርና ከአሜሪካ በማዘዛችሁ የመጣ ተጨማሪ ወጪ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ሦስተኛው ብሮከሬጁ ነው። ድርጅቱ ወረቀቱን ስለሞላላችሁ የሚጠይቀው ነው። ከሱ ጋር ሌላ መስመርም ይኖራል፤ ታክሱን ቀድሞ ከኪሱ ስለከፈለላችሁ የሚጨምረው። በራሱ በአገልግሎት ክፍያው ላይ ደግሞ እንደገና የሽያጭ ታክስ ይታሰባል።

እ.ኤ.አ. በ2025 በሁለቱ አገሮች መካከል የቀረጥ እሰጥ አገባ ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ካናዳ ማርች 4 ላይ ከአሜሪካ በሚገቡ ብዙ ዕቃዎች ላይ 25 በመቶ ጣለች። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ አብዛኛውን አነሣች፤ ብረት፣ አሉሚኒየምና ተሽከርካሪ ላይ ያለው ግን ቆየ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ወዳጃችሁ የከፈለውን ይዛችሁ አትስሉ። ያዘዛችሁ ዕለት የሲቢኤስኤን ገጽ እዩ።

2. ነፃ የሚገባበትን ጣሪያ እወቁ

ዕቃው በኩሪየር፣ ማለትም በዩፒኤስ፣ በፌዴክስ ወይም በመሰሎቻቸው ከአሜሪካ ከመጣ፣ እስከ 40 የካናዳ ዶላር ድረስ ታክስም ቀረጥም የለውም። ከ40 አልፎ እስከ 150 ከሆነ ታክስ አለ፣ ቀረጥ የለም። ከ150 ካለፈ ሁለቱም አለ።

በፖስታ ከመጣ ጣሪያው 20 የካናዳ ዶላር ብቻ ነው። የ40ውና የ150ው ሕግ ለፖስታ አይሠራም።

እነዚህ ቁጥሮች በሙሉ በካናዳ ዶላር ናቸው። የአሜሪካ ሻጭ ገጽ ላይ 120 ያያችሁት ወደ ካናዳ ዶላር ሲቀየር ከ150 ሊያልፍ ይችላል። አንዳንድ ሰው «ከ150 በታች ነው» ብሎ ያዝዝና ቀረጥ ሲመጣበት ይገረማል።

ሌላም ነገር አለ። ካናዳ ቀረጥ የምታሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ነው፤ ከተላከበት ቦታ እስከ እናንተ ያለው መላኪያ ደረሰኙ ላይ ለብቻው ከተጻፈ አይካተትም። «መላኪያ ነፃ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን መላኪያው ዋጋው ውስጥ ተሸሽጎ ከሆነ ቀረጥና ታክሱ በሙሉ ዋጋው ላይ ይሰላል። ዕቃው 130፣ መላኪያው 35 ተብሎ የተለየ ደረሰኝ፣ 165 ተብሎ በጅምላ ከተጻፈው ይሻላችኋል። አንደኛው ከ150 በታች ነው፣ ሌላው በላይ።

3. ወረቀት አውጥታችሁ አስሉት

ኦንታሪዮ የሚኖር ሰው 120 የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ፣ ታይዋን የተሠራ ዕቃ አዘዘ እንበል። ምንዛሬውን ለስሌት 1.40 እናድርገው። መላኪያው 25 የአሜሪካ ዶላር፣ የኩሪየሩ የአገልግሎት ክፍያ በጠቅላላው 40 የካናዳ ዶላር እንበል። ይህ 40 ለምሳሌ የወሰድኩት ነው፤ ትክክለኛውን ከድርጅቱ የዋጋ ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በካናዳ ዶላር ነው።

ዕቃው፦ 168.00
መላኪያው፦ 35.00
ባንኩ ለውጭ ምንዛሬ የሚቆርጠው 2.5 በመቶ፦ 5.08
ቀረጥ 6 በመቶ፦ 10.08
ታክስ 13 በመቶ፣ በ178.08 ላይ፦ 23.15
የኩሪየሩ አገልግሎት፦ 40.00
በአገልግሎቱ ላይ ታክስ፦ 5.20
ጠቅላላ፦ 286.51

መንግሥት የወሰደው 33.23 ነው። ኩሪየሩ ከነታክሱ 45.20 አስከፍሏል። ያው ዕቃ በተመሳሳይ የመላኪያ ዋጋ በፖስታ ቢመጣ ኖሮ ካናዳ ፖስት የሚወስደው የአያያዝ ክፍያ 9.95 ነው። ጠቅላላው 251.26 ይሆን ነበር። መንገድ በመቀየር ብቻ 35 ዶላር ያህል ተረፈ ማለት ነው።

አሁን ጎረቤት ያለው ሱቅ በ230 ሲደመር ታክስ፣ ማለትም በ259.90 ካለው አስቡት። በኩሪየር ማዘዝ ኪሳራ ነው። በፖስታ ቢሆን ደግሞ ያተረፋችሁት ዘጠኝ ዶላር አይሞላም። እኔ የማየው ልዩነቱን ነው፦ ሁሉም ተደምሮ ከ50 ዶላር በታች ከሆነ እዚሁ ግዙ። ዕቃው ባይገጥም ነገ ወስዶ መቀየር የሚቻልበት ሱቅ ዋጋ አለው።

የባንኩን 2.5 በመቶም አትርሱ። የውጭ ምንዛሬ ክፍያ የማይቆርጡ ካርዶች አሉ። ደጋግማችሁ የምታዝዙ ከሆነ አንድ ማውጣቱ ያዋጣል። ፔይፓል ወይም ሻጩ «በካናዳ ዶላር ላስከፍልህ?» ሲላችሁ እምቢ በሉና በአሜሪካ ዶላር ክፈሉ፤ የነሱ ምንዛሬ ብዙ ጊዜ ከባንክ ይብሳል።

4. የመላኪያውን መንገድ እናንተ ምረጡ

ብዙ ገጾች ላይ ርካሹ የመላኪያ አማራጭ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። በየብስ የሚመጣው የኩሪየር አገልግሎት በብዛት ያ ነው። ወጥመዱም እሱ ነው። ዩፒኤስን ብትወስዱ፣ ስታንዳርድ በሚባለው የየብስ አገልግሎት ብሮከሬጁ ለብቻው ይጠየቃል። ኤክስፕረስና ኤክስፒዳይትድ በሚባሉት ግን መደበኛው የጉምሩክ ሥራ በመላኪያው ዋጋ ውስጥ ነው። ስለዚህ 18 ዶላር ያለው የየብስ መላኪያ 38 ዶላር ካለው ፈጣን መላኪያ በስተመጨረሻ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳታሰሉ አትምረጡ።

ፖስታ ለቀላል ዕቃ ጥሩ ነው። ሴንሰር፣ የመብራት አምፖል፣ የበር እጀታ፣ ማጣሪያ፣ ጋስኬት የመሳሰለውን ሁሉ ሻጩ በአሜሪካ ፖስታ እንዲልከው ጠይቁ። እዚህ ሲደርስ ካናዳ ፖስት ይረከበዋል። ካዘገየ በጥቂት ቀን ነው፤ መኪናው ቆሞ ካልሆነ በቀር ይታገሡታል።

ሦስተኛው መንገድ ሻጩ ሁሉንም አስቀድሞ እንዲያስከፍል ማድረግ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ሻጮች የካናዳን ቀረጥ፣ ታክስና የጉምሩክ ሥራ አስልተው ከመክፈላችሁ በፊት ያሳዩአችኋል። የዊስኮንሲኑ ሮክአውቶ በዚህ ይታወቃል። የመጨረሻው ቁጥር የመጨረሻ ነው፤ በር ላይ ማንም አይጠይቃችሁም። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። ኢቤይ ላይም «የማስገቢያ ክፍያ» የሚል መስመር ካያችሁ ተመሳሳይ አሠራር ነው። መስመሩ ከሌለ ግን ሂሳቡ በር ላይ ይጠብቃችኋል ማለት ነው።

5. ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁት

አጭር መልእክት ይበቃል። በየትኛው ድርጅት፣ በየትኛው አገልግሎት ነው የምትልከው? ዕቃው የት አገር ነው የተሠራው? ደረሰኙ ላይ የተሠራበትን አገር ትጽፋለህ? መላኪያውን ለብቻ ታሳያለህ? በፖስታ መላክ ትችላለህ?

ካልመለሰ ወይም «እኛ አናውቅም፣ የጉምሩክ ጉዳይ የገዢው ነው» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። አንድ ዓይነት መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል።

የሻንሲ ቁጥሩንም ለሻጩ ላኩለትና ዕቃው እንደሚገጥም በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ካናዳ ለገበያ የቀረበች መኪናና አሜሪካ ለገበያ የቀረበችው አንድ ሞዴል ሆነው ሊለያዩ ይችላሉ። ለምሳሌ ካናዳ ቀን ላይ የሚበራ የፊት መብራትን ከ1990 ጀምሮ ለሚሠሩ አዳዲስ መኪናዎች አስገዳጅ አድርጋለች፤ አሜሪካ አላደረገችም። ስለዚህ የፊት መብራትና የሽቦ ሥራው የማይገናኝበት ጊዜ አለ። ያልገጠመን ዕቃ መመለስ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከታች ታያላችሁ።

ሻጩ በራሱ ተነሣሥቶ «ስጦታ ብዬ ልጻፍልህ» ወይም «ዋጋውን ዝቅ ላድርግልህ» ካለ አይሆንም በሉት። የስጦታ ነፃ ጣሪያ 60 የካናዳ ዶላር ነው፤ እሱም አንድ ሰው በእውነት ለሌላው ሲሰጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአክስት ልጅ ከኪሱ ገዝቶ ቢልክላችሁ ስጦታ ነው። ገንዘቡን እናንተ ልካችሁለት ከሆነ ግን ግዢ ነው። ከተያዘ ዕቃው ሊወረስ ወይም ቅጣት ሊመጣ ይችላል፤ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ደግሞ ካሣ የሚከፈላችሁ በተጻፈው ዝቅተኛ ዋጋ ነው።

6. «ኮር ቻርጅ» የሚለውን መስመር ካያችሁ ቁሙ

ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካሊፐር፣ የመሪ ፓምፕ የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ ታድሰው ነው የሚሸጡት። ሻጩ አሮጌውን እንድትመልሱለት ይፈልጋል፤ ያንን ለማደስ። ስለዚህ ማስያዣ ያስከፍላችኋል። አሮጌውን ስትመልሱ ማስያዣው ይመለሳል።

እዚሁ ከተማ ስትገዙ ይህ ምንም ችግር የለውም። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወስዳችሁ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው። ድንበር ሲሻገር ግን ሌላ ነው። ዲናሞው 110፣ ማስያዣው 60 የአሜሪካ ዶላር ቢሆን ደረሰኙ ላይ 170 ሆኖ ይመጣል፤ ታክሱም በሙሉ ድምሩ ላይ ሊሰላ ይችላል። አሮጌውን ለመመለስ ደግሞ ያ ሁሉ ብረት በሚዛን ሄዶ በእናንተ ወጪ ነው። ዘይት ጠብ የሚልበት ከሆነ አይቀበሏችሁም። ብዙ ሰው አስልቶ ሲጨርስ ማስያዣውን ይተወዋል። ያን ጊዜ የዲናሞው እውነተኛ ዋጋ 170 ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ታድሶ የሚሸጥ ዕቃ ከሰፈራችሁ ግዙ። ከአሜሪካ የምታዝዙ ከሆነ ማስያዣ የሌለበትን አዲሱን ፈልጉ። አዲሱ ከታደሰው በጥቂት ቢበልጥ እንኳ በድምሩ ይቀንሳል።

7. ትልልቅ ዕቃ በሚዛን አይከፈልበትም

ፓራውልት የሚያክል ዕቃ ስታዝዙ ሳጥኑን አስቡ። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ይነሣል። ድርጅቶቹ ግን የሳጥኑን ስፋት ወደ ክብደት ይቀይሩታል። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ በኢንች ተባዝቶ ለ139 ይካፈላል። 60 በ24 በ12 ኢንች የሆነ ሳጥን 17,280 ይመጣል። ለ139 ሲካፈል 124.3 ነው፤ ወደ 125 ፓውንድ ይጠጋጋል። አሥር ፓውንድ ለማይሞላ ፕላስቲክ የ125 ፓውንድ ሂሳብ ማለት ነው።

በዚያ አያበቃም። ረጅሙ ጎን ከ48 ኢንች ካለፈ የተለየ አያያዝ ይጠየቅበታል። ርዝመቱና ዙሪያው ተደምሮ ከ130 ኢንች ካለፈ ደግሞ የትልቅ ጥቅል ክፍያ አለ። የኛ ሳጥን 132 ነው፤ በሁለት ኢንች አለፈ። ፓራውልት፣ ኮፈን፣ በርና መስታወት የመሰለውን እዚሁ ከተፈታ መኪና ፈልጉ።

የአየር ከረጢት፣ የመቀመጫ ቀበቶ ማጥበቂያና ባትሪ እንደ አደገኛ ጭነት ነው የሚታዩት፤ ብዙ ሻጭ ድንበር አያሻግራቸውም። የፍሬን ሸራ ከማይታወቅ ሻጭ ስታዝዙ አስቤስቶስ የሌለው መሆኑን አረጋግጡ። ካናዳ አስቤስቶስ ያለበትን ዕቃ ማስገባት ከዲሴምበር 30 ቀን 2018 ጀምሮ ከልክላለች፤ ደግሞም ለሳንባችሁ ስትሉ።

8. ዕቃውን ራሳችሁ አስለቅቁ

ዕቃው በየብስ ኩሪየር መጥቶባችሁ ከሆነና ብሮከሬጁን መክፈል ካልፈለጋችሁ፣ ለግል መጠቀሚያ የሚሆን ዕቃን ራሳችሁ ከሲቢኤስኤ ማስለቀቅ ትችላላችሁ። ብዙ የኛ ሰው ይህን አያውቅም፤ ወይም ጉምሩክ የሚለውን ስም ሲሰማ ገና ይደክመዋል። እዚህ ግን መሰለፍና ወረቀት ማሳየት ነው።

የመከታተያ ቁጥሩ እንደደረሳችሁ ለኩሪየሩ ደውሉ። ዕቃውን ራሴ ነው የማስለቅቀው፣ በስሜ ጉምሩክ እንዳትጨርሱ በሏቸው። ሳይቀድሟችሁ መሆን አለበት፤ እነሱ ከጨረሱ በኋላ ክፍያውን ማስነሣት ይከብዳል። ያነጋገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት ጻፉ። ስልክ ላይ ያለው ሰው «እንደዚህ የሚባል ነገር የለም» ሊላችሁ ይችላል። ትሕትና ሳታጓድሉ ኃላፊ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ የጭነቱን ወረቀትና የሻጩን ደረሰኝ በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ከዚያ የሚቀርባችሁን የሲቢኤስኤ ቢሮ ፈልጉ። አየር ማረፊያ አካባቢና በትልልቅ ከተሞች ውስጥ አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የግል ዕቃ ያስተናግዱ እንደሆነና የሥራ ሰዓታቸውን ጠይቁ፤ ሁሉም ቢሮ አያስተናግድም።

ስትሄዱ መታወቂያ፣ የሻጩን ደረሰኝ፣ የጭነቱን ወረቀትና የከፈላችሁበትን ማስረጃ ያዙ። ዕቃው የት እንደተሠራ የሚያሳይ ነገርም ካላችሁ፣ የሻጩ ገጽ ፎቶ እንኳ ቢሆን፣ ይጠቅማችኋል። መኮንኗ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነና የት እንደተሠራ ትጠይቃለች። አስልታ ትነግራችኋለች። ቀረጥና ታክሱን ትከፍላላችሁ፤ ለአገልግሎቷ የሚጠየቅ የለም። ቢ15 የሚባለውን ማኅተም ያለበት ወረቀት ትሰጣችኋለች። እሱን ፎቶ አንሥታችሁ ከመከታተያ ቁጥሩ ጋር ለኩሪየሩ ላኩ። ሾፌሩ ከመጣ በኋላም ወረቀቱን አትጣሉ፤ ከወር በኋላ የተሳሳተ ሂሳብ በፖስታ ሊመጣ ይችላል።

የሚያዋጣው መቼ ነው? ቢሮው ቅርብ ሲሆንና ክፍያው ከ30 ዶላር ሲያልፍ። ለ12 ዶላር ብሎ ከሥራ መቅረት አያስፈልግም።

9. ነድቶ ሄዶ ማምጣት

ናያግራ፣ ዊንዘር ወይም የብሪቲሽ ኮሎምቢያዋ ሰሪ ከተማ አካባቢ ያላችሁ ዕቃውን ድንበር ማዶ ያለ የመልእክት ሳጥን አድራሻ ላይ አስልካችሁ ሄዳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ብሮከሬጅ የለም። ስትመለሱ ለመኮንኑ ደረሰኙን ታሳያላችሁ፣ ታክሱን፣ ካለበትም ቀረጡን ትከፍላላችሁ፣ ታልፋላችሁ።

ሦስት ነገር ግን አስቀድማችሁ አስቡ። ውጭ የቆያችሁት ከ24 ሰዓት በታች ከሆነ ነፃ የሚባል ነገር የለም። ከ24 ሰዓት በላይ 200፣ ከ48 በላይ 800 የካናዳ ዶላር ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃው አሜሪካ ውስጥ ስለደረሰ የአሜሪካ የሽያጭ ታክስ ይከፈልበታል። ናያግራ ካውንቲ፣ ኒው ዮርክ ላይ 8 በመቶ ነው። ከዚያ የካናዳው ይደገማል። ሦስተኛ፣ ቋሚ ነዋሪ ሆናችሁ ገና በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ከሆነ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ቪዛው ከሌላችሁ ይህ መንገድ አልተከፈተላችሁም።

10. ዕቃው ባይገጥም ወይም ሂሳቡ ቢሳሳት

ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው የሚመልሰው። ብሮከሬጁ አይመለስም። ቀረጥና ታክሱን ለማስመለስ ቢ2ጂ የተባለውን ቅጽ ሞልታችሁ ለሲቢኤስኤ ታስገባላችሁ። ዕቃው ከካናዳ መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የሻጩን የተመላሽ ደረሰኝና የከፈላችሁበትን ወረቀት አያይዙ። በፖስታ ለመጣ ዕቃ ኢ14 የሚባለው፣ ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው ማስረጃችሁ። ሳጥኑን ስትከፍቱ ቀዳችሁ እንዳትጥሉት።

አሜሪካ የተሠራ ዕቃ እንደ ቻይና ተቆጥሮ ቀረጥ ተጥሎበት ከሆነም በዚያው ቅጽ ነው የምትጠይቁት።

ወደ አሜሪካ መመለስ ራሱ እንደ ድሮ አይደለም። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ታስገባ የነበረበትን አሠራር ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አቁማለች። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ከሻጩ የመመለሻ ቁጥርና ሰነድ ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ ዕቃው ወደ ሻጩ እየተመለሰ መሆኑንና የት እንደተሠራ ጻፉ። በአሜሪካ በኩል ክፍያ ቢመጣ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ተስማሙ።

በስልክ የሚመጣ «ዕቃዎ ጉምሩክ ተይዟል፣ ይህን ተጭነው ይክፈሉ» የሚል መልእክት ካያችሁ አትጫኑ። የመከታተያ ቁጥራችሁን በድርጅቱ ገጽ ላይ ራሳችሁ አስገብታችሁ እዩ።

11. ለታክሲና ለኡበር ሾፌሮች

ይህ ክፍል ለብዙ ወገኖቻችን ነውና ልብ በሉ። ለሥራ የምትጠቀሙባት መኪና ላይ የሚገጠም ዕቃ በጉምሩክ ዓይን የግል ዕቃ አይደለም፤ የንግድ ነው። ስለዚህ ከላይ በግል ስለማስለቀቅ ያልኩት እንደወረደ አይሠራላችሁም። በራሳችሁ የንግድ አስመጪነት ለማስገባት ካርም በሚባለው የሲቢኤስኤ የኦንላይን ሥርዓት መመዝገብ ያስፈልጋል። ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 21 ቀን 2024 ነው። በዓመት ሁለቴ ለሚያዝዝ ሰው፣ ሁሉንም አስቀድሞ ከሚያስከፍል ሻጭ መግዛቱ ይቀላል።

ጥቅሙ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ታክሲ ነጂዎች፣ ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮም የኡበር ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ ገቢያቸው ትንሽም ቢሆን ለሽያጭ ታክስ መመዝገብ አለባቸው። የተመዘገበ ሰው ለሥራው በገዛው ዕቃ ላይ የከፈለውን ጂኤስቲ (የፌዴራሉን የሽያጭ ታክስ) ወይም ኤችኤስቲ (የፌዴራሉና የክፍለ ሀገሩ የተዋሃደበትን) መልሶ ይጠይቃል። በምሳሌያችን ያሉት 23.15 እና 5.20 ዶላር፣ መኪናዋ ሙሉ ለሙሉ የሥራ ከሆነች ተመላሽ ናቸው። ቀረጡና ብሮከሬጁ ደግሞ እንደ ሥራ ወጪ ይያዛሉ። መኪናዋ የግልም የሥራም ከሆነች ለሥራ የነዳችሁትን ያህል ነው የምትጠይቁት፤ ለዚህ የኪሎ ሜትር መዝገብ ያስፈልጋችኋል።

ይህን ለማድረግ ታክሱ ተለይቶ የተጻፈበት ወረቀት በእጃችሁ መኖር አለበት። የባንክ ስቴትመንት ብቻውን አይበቃም። የኩሪየሩ ሾፌር በር ላይ ገንዘቡን ተቀብሎ ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ሰጥቷችሁ ከሄደ፣ ድርጅቱ ገጽ ላይ ገብታችሁ ሙሉውን ሂሳብ አውርዱ። ቀረጡ፣ ታክሱና የአገልግሎት ክፍያው ለየብቻ የተዘረዘሩበትን። ከሻጩ ደረሰኝ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡት፤ ሂሳብ የሚሠራላችሁ ሰው ኤፕሪል ላይ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።